ቅዳሜ ጠዋት ከሸዋ በር ማዶ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት መስጊዶች የተነሣው አዛን ገና ከአየሩ አልጠፋም፤ ከመድኃኔዓለም በኩል ደግሞ ኪዳን የሚያደርሱ ካህናት ድምፅ ይመጣል። ከግንቡ ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ ባለው መናኸሪያ፣ ረዳቶቹ "አወዳይ! ሐረማያ! ሁለት ሰው የቀረው!" እያሉ ይጣራሉ፤ መኪናው ውስጥ ያለነው ግን ገና አራት ሰዎች ነን። አንዲት እናት ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በፔርሙዝ ይዘው በብርጭቆ ይሸጣሉ። ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የሚሳፈረው ሰው ከሌላው ቀን መንገደኛ በአንድ ነገር ይለያል። ዘንቢል የለውም፣ ማዳበሪያ የለውም፤ በብብቱ ሥር ክላሰር ይዟል።

የኋላው ወንበር ጥግ ላይ የተቀመጠችው ነርስ ሌሊቱን ተረኛ ነበረች። ጋዋኗን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከታዋለች። ጭኗ ላይ ያለውን ሃንዳውት ገልጣ ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። አጠገቤ ያለው ሰው የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነው፤ 46 ዓመቱ። በማኔጅመንት ከተመረቀ 20 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን ሕግ እየተማረ ነው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ጸጉራቸው የሸበተ የሒሳብ መምህር አሉ፤ ማስተርሳቸውን ለመጨረስ የቀራቸው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። እኔ 43 ዓመቴ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ታሪክ ካስተማርኩ በኋላ ባለፈው ዓመት የማስተርስ ተማሪ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። የማናችንንም ስም አልጽፍም፤ ጓደኞቼ እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ የጠየቁኝ እሱን ብቻ ነው።

መኪናው ሐማሬሳን አልፎ አወዳይ ሲደርስ ጎህ ቀደደ። ሌሊቱን የቆመው የጫት ገበያ የተወው ቅጠልና እንጨት አስፋልቱ ዳር ተከምሯል፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች በጥሩምባ መንገድ ያስለቅቃሉ። እንደ እኛ ያለ እንቅልፍ ያጣ ሕዝብ ነው አወዳይ። ነርሷ እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ትነቃለች። "አወዳይ ማንቂያ ሰዓቴ ነው" ትላለች። ከዚያ እስከ ባቴ፣ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ፣ ያለውን መንገድ በንባብ ትጨርሰዋለች።

በእኛ አገር "ሁለተኛ ዲግሪ" ሲባል ማስተርስ ማለት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን እንደ መሰላል እንቆጥራለን። ያ አጠገቤ የተቀመጠው የፍርድ ቤት ሠራተኛ የሚሠራው ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ ስም የለውም። መሰላሉን ወደ ላይ አልቀጠለም፤ ወርዶ ሌላ መሰላል ሥር ቆሟል። "ስንተኛ ዲግሪህ ነው?" ሲሉት "ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ" ብሎ ይመልሳል፤ ሰው ደግሞ ግራ ይጋባል። ለሃያ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ቀጠሮ ሲጽፍ፣ ውሳኔ ሲገለብጥ ኖሯል። የውሳኔውን ቃል በልቡ ያውቀዋል፤ ዳኛው ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ግን ሁልጊዜ ይከነክነዋል። "ሃያ ዓመት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሽታውን ብቻ ነው የሸተትኩት" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልሰማሁም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ብርቅ አይደለም። በየከተማው በማታውና በቅዳሜ እሁዱ የሕግ ክፍል ብትገቡ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ፖሊስ፣ የባንክ ሠራተኛ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ አንድ ዲግሪ አስቀድመው የያዙ ናቸው። መንግሥትም አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ሰፊ ሥራ ሞክሯል። በ2004 ዓ.ም. የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ሲከፈት የተፈለገው ከ12ኛ ክፍል የመጣ ልጅ አልነበረም፤ በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ነበር። ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ዓመታት የቆዩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንደገና ደብተር ገዝተው የአናቶሚ ክፍል ገቡ። ከእነዚያ መካከል ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚያክሙ አሉ። አገሪቱ ለጎልማሳ ተማሪ በሯን ስትከፍት ምን እንደምታገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሁልጊዜ የማስበው ስለ መጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ነው። ይህ ተቋም ትምህርት የጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ጅማ ላይ ነበር፤ የአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በፖይንት ፎር የእርዳታ ፕሮግራም በኩል እያገዘው ወደ ዓለማያ፣ ዛሬ ሐረማያ ወደምንላት፣ ተዛወረና ጥር 1950 ዓ.ም. ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በይፋ መርቀው ከፈቱት። ያኔ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻና የሜካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ነበር ስሙ። በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬውን ስሙን፣ ሐረማያን፣ ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን እዚህ ተመርቆ ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ ተመርቀው ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን የሠሩት አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአገር ውስጥ ሲጀመር፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ከዚያም ዓለማያ፣ መንገዱ አጠረ። ዛሬ የሐረር ሰው ለማስተርስ የሚሳፈረው ሚኒባስ ነው። ነርሷና ጓደኞቿ ደግሞ ሚኒባስም የማያስፈልጋቸው ቀን አለ፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ያለው እዚሁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ መምህሩ ገና አልመጡም ነበር። በር ላይ የቆሙ ሁለት ወጣቶች ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንደኛው "መምህር፣ ፕሮጀክተሩ አይሠራም" አለኝ። ተማሪ ነኝ ስለው አፈረ፤ እኔም አፈርኩ። መምህሩ ሲገቡ 30 ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። ሐረር ውስጥ ያደገ ሰው ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይላል፤ ንቀት የለበትም፣ ሐረሬ የሚቀርበው እንዲህ ነው። መምህራችን ግን ያደጉት ጎጃም ነው። "እርስዎ" ይሉኛል። ከክፍል በኋላ ጠብቄያቸው "ተማሪዎ ነኝ፤ አንተ ይበሉኝ" አልኳቸው። ሞከሩት፣ አልሆነላቸውም። እስከ ዛሬ "ባለፈው እርስዎ እንዳሉት" እያሉ ነው የሚያስተምሩኝ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ የእሳቸውን ቃል እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን ይህንኑ ስናወራ ስለ አገራቸው ቅኔ ቤት ነገሩኝ። ነጭ ሪዝ ያላቸው ቄስ፣ ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ ደብር የሚያስተዳድሩ ሰው፣ ልጃቸው ከሚሆን የኔታ ፊት ቆመው ቅኔ ሲቆጥሩ ማየት በእሳቸው ሰፈር አዲስ ነገር አልነበረም። "እኛ ጋ ያረጀ ተማሪ የለም" አሉኝ፤ "ያልጨረሰ ተማሪ ነው ያለው።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ሁለተኛ ዲግሪን በሌላ ዓይን ያየሁት። በእኛ የጉባኤ ቤት ሥርዓት አንድ ሊቅ አንድ ቦታ ተምሮ አያበቃም። ድጓ ፈልጎ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ፈልጎ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም ፈልጎ ጎንደር ይከርማል፤ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርዳል። በአንዱ መምህር የሆነ ሰው ሌላው ዘንድ ሲደርስ ተማሪ ነው፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከልጆች ጋር ይቀመጣል። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱን የትርጓሜ ጉባኤያት አዳርሶ የያዘ ሰው አራት ዓይና ይባላል። እስቲ አስቡት፦ እያንዳንዱ ዓይን ዓመታት ይወስዳል። አራተኛው ዓይን ሲከፈት ባለቤቱ ጎልማሳ፣ አንዳንዴም ሽማግሌ ነው። ማንም ግን "አሁን ምን ይሠራልሃል?" አይለውም ነበር።

በሐረሩ ግንብ ውስጥም ሥርዓቱ የተለየ አልነበረም። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ ያቀፋት ከተማ 82 መስጊዶች አሏት፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት እነሱንና ከመቶ በላይ የሆኑ የአውሊያ መቃብሮችን አብሮ ቆጥሯል። በየመስጊዱና በየቤቱ ከቢር የሚባሉ መምህራን ቁርዓን፣ ፊቅህና ዐረብኛ ያስተምሩ ነበር፤ ቀን ሱቁ የዋለ ነጋዴ ማታ ከቢሩ ፊት ይቀመጥ ነበር። በተማሪዎቹና በመምህራኑ እጅ የተገለበጡት መጻሕፍት ዛሬ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ትልቅ ቤት ውስጥ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ባቋቋሙት የግል ሙዚየም ይታያሉ። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ሙያው እየጠፋ ሲሄድ እሳቸው የቆዩትን ድጉሶች እያጠኑ፣ የተጎዱትን መጻሕፍት እየጠገኑ እንደገና አቆሙት። የጠፋ ሙያን በጎልማሳ እድሜ ቁጭ ብሎ መማር ምን ይመስላል የሚል ሰው ሄዶ ቢያይ ደስ ይለኛል።

በሐረሪ ቤት፣ በጌይ ጋር ውስጥ፣ መቀመጫው ራሱ ሥርዓት ነው። ቀይ የተቀቡት መደቦች፣ ናደባዎቹ፣ ከፍታቸው ይለያያል፤ ትልቁ ናደባ አለ፣ ትንሹ ናደባ አለ፤ እንግዳው እንደ እድሜውና እንደ ክብሩ ቦታው ይሰጠዋል። አንድ ሐረሪ የግቢ ጓደኛዬ፣ 50 ዓመት ያለፈው የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ሲናገር "ቤቴ ከላይ ነው የምቀመጠው፤ እዚህ ከታች መቀመጥ ለመድኩ፤ አሁን ቤቴም ስገባ ልጆቹን ከላይ ተቀመጡ እላለሁ" አለኝ። ይህ ሰው ሒሳብ አያያዝ ነው የሚማረው። ሱቁን ሠላሳ ዓመት በልቡ ይዞ ነግዷል፤ አሁን ልጆቹ ሲረከቡት በመዝገብ እንዲሆን ፈልጓል።

ጎልማሳ ተማሪን ስለ ክፍያ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ከባድ ነው፤ ደመወዙ ከወር ወር አይደርስም። ግን ቁጭ ብላችሁ ከሰማችሁት እንቅልፍ የሚነሣው ሌላ ነው። ሐረር ውስጥ ሰው የሚኖረው በአፎቻ ነው። አፎቻ ሐረሪዎች በሰርግም በሐዘንም አብረው የሚቆሙበት ማኅበር ነው፤ ለክርስቲያኑ እድር አለ፣ ማኅበርና ጽዋ አለ። ሰርጉ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ክፍሉም ቅዳሜና እሁድ ነው። ለቅሶ ቀን አይመርጥም። ነርሷ ባለፈው ሚያዝያ የጎረቤቷ እናት ሲያርፉ ፈተና ላይ ነበረች። ማታ ስትደርስ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ ሴቶች ቦታ ሰጧት፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። "ዝም ማለታቸው ነው የገደለኝ" አለችኝ። "እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራ የጋገሩልኝ እነሱ ናቸው። እኔ የእነሱን ሬሳ አልሸኘሁም፤ ባዮስታቲስቲክስ ስፈተን ነው የዋልኩት።"

ይህን ስትነግረኝ መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ሁላችንም እንዲህ ያለ ቀን አለን።

ለሴቷ ደግሞ እጥፍ ነው። ወንዱ ማታ ደብተሩን ሲዘረጋ ቤተሰቡ "ያጥና፣ አትረብሹት" ይላል። ሴቷ የምትዘረጋው ልጆቹ ከተኙ፣ ዕቃው ከታጠበ፣ ሊጡ ከተቦካ በኋላ ነው። ነርሷ የምታጠናው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ ነው። ባለቤቷ ጥሩ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ልጆቹን እሱ ነው የሚያበላው፤ ይህን ስትናገር ግን እንደ ትልቅ ውለታ አድርጋ ነው። በእኔ ቤት ማንም ይህን እንደ ውለታ ቆጥሮት አያውቅም፤ ባለቤቴ ስታደርገው መብቴ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ይህን ያስተዋልኩት በሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴን አመሰገንኩ። ዘግይቼ ነው።

ብዙ ሰው "አእምሮ ከ40 በኋላ አይቀበልም" ይላል። እኔም እል ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ንባቤ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ወጣቶቹ አንድ ጊዜ ሰምተው የያዙትን እኔ ሦስት ጊዜ ስጽፍ፣ እውነት ነው ብዬ ነበር። ሬይመንድ ካተል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የማሰብ ችሎታን በሁለት ከፍሎ ያየ ነበር። አንደኛው አዲስ ነገርን በፍጥነት የመያዝና የመፍታት ኃይል ነው፤ ይህ በወጣትነት ይጠነክራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሌላው በኑሮ የተጠራቀመ እውቀት፣ ቃላት፣ ነገርን ከነገር ማገናኘት ነው፤ ይህ በጎልማሳነት ሙሉ ዘመን ያድጋል ወይም ባለበት ይጸናል። እንግዲህ ጎልማሳ ተማሪ የሚሸነፈው በሽምደዳ ላይ ነው፤ የሚያሸንፈው ደግሞ የተማረውን የሚያስርበት ምሰሶ ስላለው ነው። የሕጉ ተማሪ ስለ ይግባኝ ጊዜ ሲማር ወጣቱ ቁጥሩን ይሸመድዳል፤ እሱ ግን ቀኑ አልፎበት መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያለቀሰውን ገበሬ ያስታውሳል። ያንን ቁጥር በምንም አይረሳውም።

የሚያሳዝነኝ መምህራኑ ይህን እንዲጠቀሙበት የሚያደርግ ነገር አለመኖሩ ነው። የ20 ዓመት ልምድ ያላት ነርስ ስለ እናቶች ሞት የሚያስተምር ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስላይድ ትገለብጣለች። ስንት እናት በእጇ እንዳለፈች፣ አምቡላንሱ የት ላይ እንደሚዘገይ የሚጠይቃት የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማናገር ለመምህሩም ለወጣቶቹም ትምህርት ነበር። እንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲመሠረት መነሻ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሠራተኛው ወደ ዩኒቨርሲቲው ከሚመጣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሠራተኛው ይሂድ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በርቀት አስተምሮ ኔልሰን ማንዴላን በእስር ላይ ሳሉ በሕግ አስመርቋል፤ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶም ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። እኛ ጋ የማታውና የቅዳሜ እሁዱ ትምህርት ገና የቀኑ ትምህርት ታናሽ ወንድም ነው፤ የተረፈውን ክፍል፣ የተረፈውን ሰዓት፣ የደከመውን መምህር ነው የሚያገኘው።

"ታዲያ ለምን ትማራላችሁ?" ለሚለው ጥያቄ ቀድሞ አንድ ቀላል መልስ ነበር፦ እድገት። ዲግሪው ሲጨመር ደመወዙ ይጨመር ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሠራበት የነጥብ የሥራ ምዘና፣ ሰዉ ጄኢጂ የሚለው፣ ይህን ለውጦታል። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው እንጂ ለሰውየው ወረቀት አይደለም። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ሕግ ቢጨርስም ያው መደብ ላይ እስካለ ድረስ ደመወዙ ያው ነው፤ የሕግ መደብ ተወዳድሮ ካላገኘ አንድ ብር አይጨመርለትም። መምህራን የራሳቸው የደረጃ እድገትና የትምህርት ደረጃ ክፍያ ስላላቸው የሒሳቡ መምህር ትንሽ ይጠቀማሉ፤ ጡረታቸው ግን ቅርብ ነው፤ ለወጪው እንኳ አይበቃም። እኔ የተመዘገብኩት ለጭማሪው ብዬ አይደለም።

ይህ አሠራር ብዙ ሰው አስከፍቷል፤ ጓደኞቼም ያማርራሉ። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ነገር አጥርቶልናል፦ ማን ለወረቀቱ፣ ማን ለትምህርቱ እንደሚማር። ዲግሪ የደመወዝ መሰላል ብቻ በሆነበት ዘመን ወረቀቱን የሚሸጡ በዙ። በየከተማው ፎቶ ኮፒ ቤት በራፍ ላይ "ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ የለጠፉ አሉ፤ ሌላ ሰው በጻፈው ጽሑፍ ተመርቆ ፎቶ የተነሣ ሰው አለ፤ የሐሰት ማስረጃ ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠ አለ። ይህ የእኛን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንነሣውን፣ ላብ ይሰርቃል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲጀምር፣ ቀጥሎም ለማስተርስና ለዶክትሬት አመልካቾች አገር አቀፍ መግቢያ ፈተና ሲያዝ፣ ከጎልማሶቹ ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ሃያ ዓመት ከፈተና የራቀ ሰው አልጀብራ ሲቀርብለት መቆጣቱ አይገርምም። የሒሳቡ መምህር ግን ገና ሳልመዘገብ፣ በየሳምንቱ አብሬያቸው እየተሳፈርኩ በሚኒባስ ውስጥ አስጠኑኝ፤ ከአወዳይ እስከ ባቴ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ፣ ስንመለስ አንድ የቃላት ዝምድና ጥያቄ። ፈተናውን ያለፍኩት በዚያ መኪና ውስጥ ነው። አሁን ሳስበው መግቢያ ፈተናው ይቅር የሚል ሰው አልደግፍም። ወጥ የሆነ ፈተና ለሚለፋ ሰው ምስክሩ ነው።

የማልደግፈው ሌላ አለ። ለመመዝገብ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክ ያስፈልግ ነበር። ፋይሌ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። ያንን ፊደል ለማስተካከል አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንዱ ሠራተኛ ሌላው ጋ ይልከኛል፤ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ተስተካከለ። የ20 ዓመት ወጣት ቢሆን ወረፋውን ቆሞ ይጠብቃል። ፈቃድ ለምኖ፣ ልጁን ለጎረቤት ትቶ፣ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ስንት ሰው እንደተወው የሚቆጥር መዝገብ የለም፤ ሁላችንም ግን አንድ ሁለት እናውቃለን።

በክረምት ግቢው የመምህራን ነው። የክረምት ተማሪዎች ከሐረርጌ ቆላና ደጋ ይመጣሉ፤ ፍራሽና ማንደጃ የያዘ አለ፤ ዝናቡ ውስጥ ከዶርም ወደ ክፍል የሚሮጡ ራሰ በራ ሰዎች ናቸው። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ደርቆ ነበር፤ በአሸዋው ላይ ከብት ይሄድበት ነበር፤ አሁን ውኃው ተመልሷል። ከሒሳቡ መምህር ጋር አንድ ቀን ዳሩ ድረስ ሄደን ነበር። ወጣት ሆነው በዚሁ ግቢ ሲማሩ የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅ እንደነበረ ነገሩኝ። ብዙ ቆመው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው "ላይብረሪ እንድረስ" አሉኝ።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለቅዳሜና እሁድ ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሬጅስትራሩንና የኮምፒዩተር ክፍሉን ቅዳሜና እሁድ ይክፈቱለት፤ ሰኞ የሚከፈት መስኮት ለእሱ የተዘጋ መስኮት ነው። መምህራን ክፍላቸው ውስጥ ስንት ዓመት ምን የሠራ ሰው እንደተቀመጠ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የፈተና ሳምንት ፈቃድ እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ሥራ ይቁጠሩት፤ ያቺ ነርስ የምታጠናው እናንተው ለምትታከሙበት ሆስፒታል ነው።

ለአፎቻና ለእድር ሰብሳቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሕገ ደንባችሁ በሽተኛንና አራስን ከመቅረት ቅጣት ነፃ ያደርጋል። ቀጣዩ ስብሰባችሁ ላይ ከዚያ ዝርዝር ሥር አንድ ቃል ጨምሩ፦ ተማሪ።